ቢላዋው የት ገባ? የቴአትር ዜማ በጃዝና በፖፕ እጅ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ በአንዲት ወጣት የምረቃ ድግስ ላይ፣ አራት ልጆች ያሉበት ባንድ ለእራቱ ማጀቢያ ይጫወት ነበር። ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራምና ሳክስፎን ናቸው፤ ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ መሣሪያውን ከአንገቱ ሳያወርድ በመሃል በመሃል ይዘፍናል። ሁለት የጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖችን ካስደመጠ በኋላ በእንግሊዝኛ «ማክ ዘ ናይፍ»ን (ባለ ቢላዋው ማክ እንደማለት ነው) ጀመረ። የተመራቂዋ አጎት ጠረጴዛውን በማንኪያ እየመታ ተከተለው። እናትየው ደግሞ ልክ በዚያችው ሰዓት ኬኩን ለመቁረጥ ቢላዋ አነሱ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን እያለ ነው?» አሉኝ። «ሰው ስለሚገድል ሰው ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «በምረቃ ቀን?» ብለው ሳቁና ጥቂት ቆይተው «ዜማው ግን ደግ ነው» አሉ።

ይህች የሽማግሌው አስተያየት ቀላል ብትመስልም ነገሩን ከሥሩ ትነካለች። ስለ ነፍሰ ገዳይ የተጻፈ ዜማ እንዴት ደግ ሊሆን ቻለ? ዜማውን ደግ ያደረገው የመጀመሪያው ደራሲ ነው ወይስ በኋላ የተቀባበሉት የጃዝና የፖፕ ተጫዋቾች? በከተማችን ሆቴሎች የላውንጅ ሙዚቃ እየተለመደ በመጣበት፣ ወጣቶችም የድሮ ዘፈኖችን እንደገና አቀናብረው «ከቨር» እያሉ በዩቲዩብና በቲክቶክ በሚለቁበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዜማው የተወለደው በርሊን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1928 «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ቃሉ የቤርቶልት ብሬኽት፣ ሙዚቃው በወቅቱ የ28 ዓመት ወጣት የነበረው የኩርት ቫይል ነው። ተውኔቱ የተነሣው ልክ ከ200 ዓመት በፊት በለንደን ከታየው የጆን ጌይ «የለማኞች ኦፔራ» ሲሆን፣ ያንን ወደ ጀርመንኛ የመለሰችው ኤሊዛቤት ሃውፕትማን ነበረች። ስሟ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል እዚህ ላይ ማንሣቱ ተገቢ ይመስለኛል። ስለ ዘፈኑ አፈጣጠር የሚተረከው እንዲህ ነው፦ ዋናውን ወንበዴ የሚጫወተው ተዋናይ ሃራልድ ፓውልዘን ወደ መድረክ ሲወጣ ስሙን የሚያሞግስ ዘፈን ይኑረኝ ብሎ ጠየቀ፤ ደራሲዎቹም በመጨረሻዎቹ ቀናት ዘፈኑን ጻፉለት፣ ነገር ግን እንዲዘፍነው የሰጡት ለእሱ ሳይሆን ለመንገድ ዘፋኝ ሆነ፤ ይዘቱም ሙገሳ ሳይሆን የወንጀል ዝርዝር ነበር።

ይህ የመንገድ ዘፋኝ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጀርመኖች «ሞሪታት» የሚሉት በገበያ መካከል ቆሞ፣ የተሳሉ ሥዕሎችን በበትር እያመላከተ፣ የነፍሰ ገዳዮችን ታሪክ በዜማ የሚተርክ ሰው ያወጣው የነበረውን ዘፈን ነው። የእኛ አዝማሪ ስለ ሽፍታ ሲገጥም ማሞገሱን ከመንቀፉ ለይቶ ማወቅ እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ የቫይልም ዘፋኝ ወንበዴውን እያደነቀ ነው ወይስ እየከሰሰ ያለው የሚለው በውል አይለይም። ዜማው አጭርና የሚደጋገም ነው፤ ከአንቀጽ አንቀጽ አይለወጥም። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው እጀታው እየተዞረ የሚጮኸውን የመንገድ ኦርጋን የሚመስል ድምፅ ነው። ዜማው ባልተለወጠ ቁጥር የግድያው ዝርዝር ይከብዳል፤ መርዶ በሚያደርስ ሰው ፊት ላይ ምንም ስሜት ሳይታይ ሲቀር እንደሚያስፈራው ማለት ነው። በጀርመንኛው ውስጥ ሰባት ልጆችና አንድ ሽማግሌ የሞቱበት ቃጠሎ አለ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች መበለት መደፈርም አለበት።

እነዚህ ሁለቱ ወንጀሎች በሐዋሳው ድግስ አልተዘፈኑም። ሳክስፎን ነፊው ስለፈራ አይደለም፤ እሱ ከተማረው ግጥም ውስጥ መጀመሪያውኑ አልነበሩም። ቫይል ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ እ.ኤ.አ. በ1933 ከጀርመን ሸሽቶ በፓሪስ በኩል አሜሪካ ገባ፤ እዚያው በ1950 ሞተ። ተውኔቱ አሜሪካ ውስጥ ስሙ የገነነው እሱ ካለፈ በኋላ፣ በ1954 ማርክ ብሊትስታይን በእንግሊዝኛ ባዘጋጀው ትርጉም ነው። በማግስቱ ዓመት የጃዝ ዘፋኙና መለከት ነፊው ሉዊ አርምስትሮንግ ዘፈኑን በሸክላ ሲያስቀርጽ ከክፉዎቹ አንቀጾች ያለፉት በሰው ፊት ለመዘፈን የሚበቁት ብቻ ነበሩ። በዚያ ቀረጻ ላይ የቫይል ባለቤት የነበረችው ተዋናይት ሎተ ሌንያ በስቱዲዮው ተገኝታ ነበር፤ አርምስትሮንግም በተውኔቱ ገጸ ባሕርያት ስም መካከል የእሷን ስም ጨምሮ ዘፈነው። በወንበዴው ዙሪያ ከሚሰለፉት የፈጠራ ሴቶች መካከል አንዲት በሕይወት ያለች ሴት ገባች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን ከእሱ የተማረ ሁሉ ሌንያን እየጠራ ይዘፍናል፤ የእኛም ሳክስፎን ነፊ ጠርቷታል፣ ማን እንደሆነች ግን አያውቅም።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሦስት ቅጂዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አድርገዋል። ሳኒ ሮሊንስ በ1956 «ሳክስፎን ኮሎሰስ» በተባለው አልበሙ ቃሉን ጨርሶ አስወግዶ ዜማውን ከባንዱ ጋር በቴነር ሳክስፎን ከአሥር ደቂቃ በላይ ተጫወተው፤ ርዕሱን ግን «ሞሪታት» ብሎ ተወው። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ ግድያው ባይነገርም የዜማው ግትርነት እንዳለ አለና። ቦቢ ዳሪን በ1959 ያወጣው ቅጂ የዚህ ተቃራኒ ነው። አጃቢው ትልቅ ባንድ ነው፤ በየአንቀጹ ቶኑ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ዘፋኙ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ጎረምሳ ይመስላል። ቫይል ባልተለወጠ ዜማ ያስፈራውን ዳሪን በየጊዜው ከፍ በሚል ቶን አስደሰተው። ለዘጠኝ ሳምንት በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተቀመጠ፤ የዓመቱ ምርጥ ቀረጻ ተብሎም የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ኤላ ፊትዝጄራልድ ደግሞ በየካቲት 1960 ዘፈኑን ወደ ተወለደባት በርሊን ይዛው ሄደች፤ መድረክ ላይ ግጥሙ ጠፋባት። አላቆመችም፤ መርሳቷን ራሱን እየገጠመች፣ ዳሪንንና አርምስትሮንግን በስም እያነሣች፣ የአርምስትሮንግንም ሻካራ ድምፅ እያስመሰለች ጨረሰችው። እዚህ ላይ ዘፈኑ ስለ ወንበዴው መሆኑ አበቃ፤ ስለ ራሱ ቅጂዎች የሚተርክ ዘፈን ሆነ። የበርሊን ሰዎች ያጨበጨቡት ለገዛ ልጃቸው ነበር፣ የመጣው ግን በባዕድ ልብስ ነበር።

ነገሩ የት እንደደረሰ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1980ዎቹ ማክዶናልድስ ይህንኑ ዜማ ወስዶ፣ ጨረቃ ፊት ያለው ፒያኖ ተጫዋች ፈጥሮ፣ ሰዎች ለእራት ሃምበርገር እንዲገዙ ማስታወቂያ ሠራበት። የቢላዋውን ዘፈን ለምግብ ማለት ነው። የሐዋሳው ኬክ እንግዲህ የመጀመሪያው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው «እንግዲያው አበላሽተውታል» ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የማልስማማበት ምክንያትም በዜማው አሠራር ውስጥ ነው ያለው። የቴአትር ዜማ የሚሰፋው ለአንድ ሰው ልክ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዋናይ እንጂ ድምፃዊ አይደለም። ቫይል በ1938 «ሴፕቴምበር ሶንግ»ን የጻፈው ለዎልተር ሂውስተን ነው፤ ሂውስተን ድምፁ ጠባብ ስለነበር ዜማው ሩቅ አይወጣም፣ ሩቅም አይወርድም። አሜሪካዊው የቴአትር ዜማ ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም በ1973 «አ ሊትል ናይት ሚዩዚክ» ለተባለው ሥራው «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ»ን ሲደርስ ዘፋኟ ግሊኒስ ጆንስ ነበረች፤ ድምፅዋ ደስ ይላል፣ ትንፋሿ ግን ረዥም ሐረግ አይችልም። ስለዚህ ሐረጎቹን አጫጭር አደረጋቸው፤ በየመጨረሻቸውም ድምፅ የማይጎተትባቸው ቃላት አስቀመጠ። በዚህ መንገድ ለአንድ ሰው ድካም ተብሎ የተተወው ክፍት ቦታ በኋላ ለሌላው ሰው መግቢያ በር ሆነ። የጃዝ ተጫዋች የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከሐረግ እስከ ሐረግ ያለውን ዝምታ የሚሞላው የራሱ ነገር አለውና። በጌጥ የታጨቀ፣ ለታላቅ ድምፃዊ የተሰፋ ዜማ ግን ለሌላ ሰው ሲለብሱት እጅጌው ይረዝማል።

ለእኛ ጆሮ ደግሞ የቫይል ዜማ አንድ ተጨማሪ ዝምድና አለው። የመክፈቻው ሐረግ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ወጥቶ ላ ላይ ይቆማል። እነዚህ ሦስቱም ድምፆች በትዝታ ሜጀር ቅኝት ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በምዕራቡ ጆሮ ያች «ላ» ከሥሯ ካለው የዶ ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) ላይ ተንጠልጥላ ያላረፈች ድምፅ ናት፤ ውጥረቱ ከዚያ ይመጣል። በትዝታ ላደገ ሰው ግን «ላ» ቤቷ ናት። ሽማግሌው «ዜማው ደግ ነው» ሲሉ የዳሪንን ሞቅታ ብቻ ሰምተው አይመስለኝም፤ ክራር ላይ የሚያውቁትን ቤት ሰምተው ነው። ዜማው ሲቀጥል ከቅኝቱ ይወጣል፤ ነገር ግን መጀመሪያ በር የከፈተ እንግዳ በኋላ ቢያስቸግርም አይባረርም።

ከድግሱ በኋላ በነበረው ሳምንት የባንዱን ልምምድ ለማየት ሄድኩ። ቦታው አንድ የተከራዩት ክፍል ነው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ግን ይገባል። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»ን በጆን ኮልትሬን አጨዋወት እንሞክር ብሎ ነበር። ይህ ዜማ የሪቻርድ ሮጀርስ ነው፤ በ1959 ብሮድዌይ ላይ በወጣው «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ውስጥ አንዲት የገዳም ተማሪና እመ ምኔቷ የሚወዷቸውን ነገሮች እየቆጠሩ የሚዘፍኑት የማጽናኛ ዘፈን ነው። ኮልትሬን በጥቅምት 1960 ሲቀርጸው ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋ አደረገው። የሮጀርስን ተለዋዋጭ ኮርዶች አስቀርቶ ከሥር ሁለት ኮርድ ብቻ እያወዛወዘ፣ አንዴ ማይነር አንዴ ሜጀር፣ በላዩ ላይ ሶፕራኖ ሳክስፎኑን ለቀቀው። ዘፋኟ ትጽናናለች የሚባልበትን የመዝጊያውን ክፍል ደግሞ እስከ መጨረሻው ድረስ ያዘው። በተውኔቱ ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚመጣው መጽናናት በእሱ ዘንድ ከረዥም ጥበቃ በኋላ አንዴ ብቻ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው የተለየው ሥራ ያለው፤ ኮልትሬን ቃሉን ጥሎታል፣ የዘፈኑን አሳብ ግን ከመድረኩ ይልቅ አጥብቆ ይዞታል።

ልምምዱ መጀመሪያ አልሄደም። ድራም መቺው ሦስት ምቱን እንደ ቫልስ እየቆጠረ ይጎትተው ነበር። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ትዕግሥቱ አልቆ «ተወው ይሄን፣ ችክችካ አድርገው!» አለው። ድራም መቺው ስድስት በስምንት አደረገው። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላስተማረም፤ ሁለቱ ኮርዶች በየራሳቸው መዞር ጀመሩ፣ ሳክስፎኑም ከአሥር ደቂቃ በላይ አላቆመም። በሁለት ኮርድ ላይ ረዥም ሰዓት መኖር ለኢትዮጵያ ሙዚቀኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዝማሪ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ሮጀርስ ራሱ ዜማዎቹ በጃዝ ተጫዋቾች ሲለዋወጡ ደስ የማይለው ሰው እንደነበር ይታወቃል። ቅሬታውን ማቃለል አይገባም። ዜማ ደራሲ እያንዳንዷን ኮርድ የሚያስቀምጠው ለገጸ ባሕርይዋ ያችን ቅጽበት አስቦ ነው። በሶንድሃይም ዘንድ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል፤ አሳቡ ያለው በዜማው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥር ባለው የፒያኖ አጃቢ ውስጥ ነው። ኮርዱን በስሙ ብቻ ጽፎ «ከዚህ በላይ እንደፈለግህ» የሚል ተጫዋች የሶንድሃይምን ግማሽ ሜዳ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በጣም ብዙ ሥራ ያለው ይህ ሰው በፖፕ ገበያ ሰፊ ስም ያገኘው በአንድ ዘፈን መሆኑ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል፤ ጁዲ ኮሊንስ በ1975 ባስቀረጸችው «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ»። ባርብራ ስትራይሳንድ በ1985 ለአልበሟ ስትወስደው ከተውኔቱ ውጭ ለሚሰማው ሰው ግልጽ እንዲሆን ግጥሙ እንዲነካ ጠየቀች፤ ሶንድሃይምም በራሱ እጅ አስተካከለው። በሕይወት ያለ ደራሲ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው የሚጠየቅ ሰው ሲጠፋ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የእኛም ዘመናዊ ሙዚቃ ብዙው የተወለደው ቴአትር ቤት ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያ ቤት የሠራው ኔርሲስ ናልባንዲያን ለተውኔትም ለኦርኬስትራም ደርሷል፣ አቀናብሯል፣ አንድ ትውልድ ሙዚቀኛ አስተምሯል። የቦስተኑ የጃዝ ባንድ ኢይዘር/ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በጥር 2004 አዲስ አበባ መጥቶ ከተጫወተ በኋላ ወደ ኔርሲስ ሥራዎች ገብቶ እንደገና ሊያሰማን የቻለው የተጻፈ ኖታ ስለነበር ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» በዓለም ዙሪያ የሚያውቀው ሰው ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሰምቶት የወደደው ፈረንጅ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔትም በዚሁ ስም እንደሚጠራ አያውቅም። እሱስ ከየት ይወቅ፤ በሐዋሳ ሆቴሎች የሚጫወቱት ልጆችም አያውቁም ነበር።

አርምስትሮንግና ዳሪን ቢላዋውን ቢያደነዝዙት ጉዳት የማይሆነው የቫይል ኖታ እንዳለ ስላለ ነው። የሚፈልግ ሰው ጀርመንኛውን ያወጣል፣ ሰባቱን ልጆች ያገኛቸዋል፣ የመንገድ ኦርጋኑን ይሰማል፤ በዚያ ላይ ከፈለገ የዳሪንን ሳቅ ይጨምራል። ቅጂው በመነሻው ላይ ይደመራል እንጂ አይተካውም። ለተውኔት ተደርሰው ኖታቸው በጠፋ፣ የተዋናዩ ስም በተረሳ የእኛ ዘፈኖች ላይ ግን አዲሱ ከቨር መነሻውን ይተካዋል። ልጁ ስልኩ ላይ ያገኘውን አቀናብሮ ሲለቅ ከሥሩ «የድሮ ዘፈን» ብሎ ይጽፋል፤ ለየትኛው ተውኔት፣ በማን አፍ፣ በየትኛው ትዕይንት እንደተዘፈነ አይጽፍም። አውቆ ትቶት አይደለም። ነገር ግን ዘፈኑ መጀመሪያ ሲዘፈን ክስ ይሁን ልቅሶ፣ ፌዝ ይሁን ሙገሳ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ የሚለውጠውን ነገር ሳያውቅ ይለውጠዋል።

ሕጉም የሚያግዘው ከዚሁ መነሻ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማላመድና በይፋ የማቅረብ መብትን ለደራሲው ይሰጣል፤ ኢኮኖሚያዊ መብቱም ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1928 የታተመው የጀርመንኛው ሥራ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ የብሊትስታይን እንግሊዝኛ ግን ከዚያ የኋላ ሥራ በመሆኑ አሁንም ባለቤት አለው። ይህን ሁሉ መለየት የተቻለው ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ የተመዘገበ በመሆኑ ነው። ደራሲው የማይታወቅ ዘፈን ግን ማንን ያስፈቅዱለታል? ለማንስ ይከፍሉለታል?

ሳክስፎን ነፊው የተቀሩትን የጀርመንኛ አንቀጾች ትርጉም በአማርኛ ነገርኩት፤ ቃጠሎውን ሲሰማ መሣሪያውን መጥረጉን አቆመ። «ታዲያ እኔ እየሳቅኩ ነዋ ስዘፍነው የኖርኩት» አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ መልስ ሳይሰጥ የድምፅ ዓይነቶቹን ይፈልግ ጀመር፤ አኮርዲዮን አለፈ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን አለፈ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ የምታፏጭ፣ ርካሽ የምትመስል የኦርጋን ድምፅ አገኘና ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ በቀስታ ነካካት። አሁን ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ይጫወቱታል። እራት ላይ እንደ ዳሪን ነው፣ ባለ ድግሱ የሚከፍለው ለዚያ ነውና። ሰው ሲሳሳና አስተናጋጆቹ ወንበር መደራረብ ሲጀምሩ ደግሞ ያለ ድራም፣ ቶኑን ከፍ ሳያደርጉ፣ በዚያች ኦርጋን ይጀምሩታል።